የቮልስ የልጅ ልጅ

የፖርሽ 911 ሞተር ያለው ከኋላ ጎማዎቹም አልፎ ጭራዋ ላይ ነው። ክብደት ሁሉ ወደ ኋላ ተጭኖ መኪና እንዴት ጥምዝ ይዞራል ብለው የሚከራከሩ ዛሬም አሉ። የአዲስ አበባ ሰው ግን ለነገሩ እንግዳ አይደለም። የቮልስን የኋላ ክዳን ከፍቶ ካንዴላ ያጸዳ፣ ቺንጋ ያጠበቀ፣ የእንጦጦን አቀበት ስትያያዘው ከኋላ ወንበር ሆኖ ድምፅዋን ያዳመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ሰማያዊና ነጭ የነበሩት ፊያት 600 ታክሲዎችም ሞተራቸው ከኋላ ነበር።

911 ከቮልስ ጋር ያላት ዝምድናም የሩቅ አይደለም። ቮልስን የነደፉት ፈርዲናንድ ፖርሽ ናቸው። ልጃቸው ፌሪ እ.ኤ.አ. በ1948 የቤተሰቡን ስም የተሸከመችውን የመጀመሪያዋን መኪና፣ 356ን፣ ሲያወጣ ብዙውን ዕቃ የወሰደው ከዚያችው ከቮልስ ነው። የተተኪዋን መልክ የሠራው ደግሞ የልጅ ልጃቸው ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ነው። መኪናዋ በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ለሕዝብ ስትታይ ስሟ 901 ነበር። መሃሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ ስም የኔ ነው ብሎ ፔጆ ሲቃወም ዜሮው በአንድ ተተካና 911 ሆነች።

ይህን የዘር ሐረግ ቆጥረው መጀመሪያ የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ሙያ ለምደው፣ ሜሪላንድ መጥተው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚያው ሙያ ነው። ስለ እኔ መኪና መጻፍ ማለት ግማሹን ስለ እሳቸው መጻፍ ነው፤ ስለዚህ ደጋግሜ አነሣቸዋለሁ።

የኔዋ የ1999 ሞዴል ናት፣ 996 የምትባለው ትውልድ። በአየር ይቀዘቅዝ የነበረው የ911 ሞተር በውሃ መቀዝቀዝ የጀመረው በእሷ ነው። 3.4 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ሦስቱ በግራ ሦስቱ በቀኝ የተጋደሙ፣ 296 የፈረስ ጉልበት። የፊት መብራቷን ከታናሿ ከቦክስተር ጋር ስለምትጋራ የድሮዎቹ አፍቃሪዎች ቅር ተሰኙባት፤ የተጠበሰ እንቁላል ብለው ስም አወጡላት። በዚሁ ምክንያት ዋጋዋ ከእህቶቿ ሁሉ ዝቅ ብሎ ስለቆየ እንደኔ ያለው ሠራተኛ ሊደርስባት ቻለ። እኔ መብራቷን እወደዋለሁ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ ከሩቅ አይቼ የማውቃት በእሱ ነው።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በኛ ሰው መካከል እንዲህ ያለ መኪና መያዝ ጥያቄ ያስነሣል። ሁለት በር ብቻ፣ የኋላ ወንበሯ ለሕፃን እንኳ የሚጠብብ፣ ሻንጣ የሚገባው በፊት ኮፈን። አክስቴ ገና እንዳየቻት «በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ነገር ይሠራ ነበር» አለችኝ። የምትለው እውነት ነው፤ የእኛ እያንዳንዱ ዶላር በሁለት አገር የሚጠበቅ ነው። ግን የከፈልኩት ጎረቤቴ ለካምሪው ከከፈለው ብዙም አይርቅም፣ ለአገር ቤት የሚላከውም አልተቋረጠም። የቀረው የልብ ጉዳይ ነው። ሰው በደንብ የተሠራ ነገር ሲያይ ልቡ የሚከፈት ከሆነ፣ ያ ነገር ክራርም ይሁን መኪና፣ ቢጠጋው ነውር የለበትም።

ስለ ፍጥነት ደግሞ እውነቱን ልናገር። ቨርጂኒያ በፍጥነት አትቀልድም። ከተፈቀደው 20 ማይል የጨመረ ወይም የትም ቦታ ከ85 ማይል ያለፈ ሰው ቅጣት ከፍሎ አይገላገልም፤ በወንጀል ይጠየቃል። ሕጉ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል። ራዳር ጠቋሚ መጠቀምም ክልክል ነው። በመኪና እንጀራውን ለሚያገኝ ሰው፣ ከኛም በዚህ አካባቢ ብዙው እንዲሁ ነው፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ሥራ ያሳጣል። ሕጉን ከልቤ እደግፈዋለሁ። በሕዝብ መንገድ ላይ ሌሎች ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ታዲያ ምን ትሠራልሃለች ለሚለኝ ሰው መልሴ ስካይላይን ድራይቭ ነው። የሼናንዶዋን ብሔራዊ ፓርክ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ተራራ ለተራራ የሚሄድ 105 ማይል መንገድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል፣ በኛ አቆጣጠር 56 ኪሎ ሜትር። በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ልትደርስ የምትችል መኪና በ56 ምን ደስታ ትሰጣለች የሚል ሰው ነድቷት አያውቅም። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው፤ ከፊት ጎማ ሥር ያለው ሁሉ በመሪው በኩል መዳፍ ላይ ይደርሳል። የተቀባው ነጭ መሥመር፣ የረጠበ ቅጠል፣ አስፋልቱ የተጣፈበት ቦታ፣ ሁሉም ለየብቻው ይታወቃል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆና ከጥምዝ ስትወጣ ነዳጅ ቀስ ብሎ ሲጨመርላት ኋላዋ ቁጢጥ ይልና ትገፋለች። የሜሪስ ሮክ ዋሻ ውስጥ ሲደርሱ መስኮት መክፈት ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች ድንጋዩ ላይ የሚያሰሙትን ድምፅ በቃል መግለጽ አልችልም፤ ልጄ ሰምታው ዝም ብላ ቆይታ «እንመለስና እንደገና» ብላኛለች።

ጉዱ የመጣብኝም እዚያው ነው። ጊዜው ጥቅምት፣ ቅጠሉ የቀላበት ሰሞን ነበር። ከቶርንተን ጋፕ ወደ ስካይላንድ፣ መንገዱ 3,680 ጫማ ደርሶ ከፍታውን ወደሚጨርስበት፣ ብቻዬን እየወጣሁ ሳለ የሙቀት መለኪያው ጠቋሚ ከለመደው ቦታ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ወዲያው ያ የሚጣፍጥ የራዲያተር ውሃ ሽታ በመስኮት ገባ። ለዕይታ ከተሠሩት ማቆሚያዎች አንዱ ፊቴ ስለነበር ጥግ ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሞተሩ ሥር ውሃው እየተንጠባጠበ አስፋልቱ ላይ መንገድ አውጥቶ ይሄዳል። ስልኬ መስመር የለውም፤ በዚያ ተራራ ላይ ብዙ ቦታ አይሠራም።

ሰው ሁሉ ቅጠል ሊያይ የወጣበት ቀን ስለሆነ መኪና ይተላለፋል። አንዲት ቶዮታ ሲየና አልፋኝ ሄዳ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሾፌሩ መስኮት ዝቅ አድርጎ መልኬን አየና በአማርኛ «ወንድሜ፣ ምን ሆነችብህ?» አለኝ።

«ውሃ ጣለች።»

«ውሃማ ሞልቶናል፤ ግን እስክትቀዘቅዝ ክዳኑን እንዳትነካው።»

እሱም ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ባለቤቱ፣ ልጆቹና ነጠላ ያጣፉ እናቱ ወረዱ። እማማ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ከቦርሳቸው ቆሎ አወጡ። «መጫኛው እስኪመጣልህ አንሄድም፤ አንተ ተራራ ላይ ቀርተህ እኛ ምን ልናይ ነው?» አሉኝ። ልጃቸው ስልክ እስከሚሠራበት ድረስ ነድቶ ደውሎልኝ ተመለሰ። መጫኛው እስኪመጣ ብዙ ቆየን፤ እኒያ እናት ግን ቃላቸውን ጠበቁ። ስለ ልጅነታቸው ደሴ፣ ስለ ባለቤታቸው ጭነት መኪና፣ በወሎ መንገድ ላይ ሲበላሽባቸው ሌሊቱን ከጅብ ጋር እንዴት እንዳደሩ አጫወቱኝ። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ትቶ ማለፍ በዚያ ዘመን ነውር እንደነበረ የነገሩኝ ምክር ለመስጠት አልነበረም፤ ቆሎውን እያዘገኑኝ በወሬ መሃል ነው።

መኪናዋ ዝቅተኛ ስለሆነች አፍንጫዋ እንዳይጋጭ ጎማዋ ሥር ጣውላ እየተነጠፈ ተጫነች። ያወረዷት የጀርመን መኪና እንሠራለን የሚል አንድ ጋራዥ ዘንድ ነው። ካደረች በኋላ ደውለው ሞተሩ ግሏል፣ ሙሉ ሞተር መቀየር አለበት አሉኝ። የጠየቁት ገንዘብ መኪናዋን ከገዛሁበት ይበልጣል። ቴስታታው መሰንጠቁን በምን አያችሁ ብዬ ጠየቅሁ። አልከፈቱትም። ጓርኒሲዮኑ መቃጠሉንስ? እሱንም አልፈተኑም። እንዲህ ያለው ነገር እጅግ ያናድደኛል። ሰው ስለማያውቀው ማሽን እየተነገረው እምነቱን ነው የሚያስቀምጠው፤ ሳይፈትሹ ፍርድ መስጠት ያንን እምነት መብላት ነው።

ጋሼ ዘንድ ወሰድኳት። መጀመሪያ የኋላ ክዳኗን ከፍተው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። «ይቺ እኮ የቮልስ የልጅ ልጅ ናት» ያሉኝ ያን ጊዜ ነው፤ ከላይ የጻፍኩትንም ሐረግ ቆጠሩልኝ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን መዘዙ፣ በጣታቸው አሻሹ፣ አሸተቱ። ዘይትና ውሃ አልተቀላቀሉም። የውሃ መሙያው ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥመው ግፊት ሰጡና በባትሪ ከሥር ሲያዩ ውሃው ከአንድ ቦታ ብቻ፣ ከውሃ ፖምፓው ዘንግ ሥር፣ ጠብ ጠብ ይል ጀመር።

«አየህ? ሞተርህ በጊዜ ጠፍቶለታል። የሞተው ፖምፓው ነው።»

ፖምፓው ሲወጣ ውሃውን የሚያዞረው ክፍል ፕላስቲክ ነው፤ ከእርጅና ብዛት ጠርዙ ተሸራርፏል። አዲስ ገጥሞ መሄድ ይቻል ነበር፤ ጋሼ ግን የተሸረፈው የት ሄደ የሚል ጥያቄ አላቸው። የዚህች መኪና ራዲያተሮች ያሉት ከፊት፣ ፓራውልቱ ውስጥ ግራና ቀኝ ነው፤ ውሃው ከኋላው ሞተር ተነሥቶ የመኪናዋን ርዝመት ሄዶ ይመለሳል። የፕላስቲክ ቁራጭ በዚያ ሁሉ መንገድ ውስጥ የትም ሊሰነቀር ይችላል። ቱቦውን ሁሉ ፈትተን በውሃ እየገፋን፣ የወጣውን በወንፊት እያጠለልን፣ ቁራጮቹን ከአሮጌው ፖምፓ ጋር እያገጣጠምን የጎደለው እስኪሟላ ፈለግን። «እዚህ አገር የተበላሸው ይቀየራል፤ እኛ አገር ዕቃው ስለማይገኝ ለምን እንደተበላሸ ማወቅ ግድ ነበር» አሉኝ። ሶማሌ ተራ ገብተው ለአንዲት ኩሽኔታ ቀኑን ሙሉ የዞሩ ሰው ናቸው፤ ያገኙት ዕቃ ዳግም እንዳይሰበር ምክንያቱን ሳይነቅሉ አይገጥሙትም ነበር።

ኩሽኔታ ካነሣሁ አይቀር ስለ ዋናው ጭንቀት ልንገራችሁ። ይህን ሞተር የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር አለ። ከክራንኩ ተነሥቶ ባልቮላዎቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች በሰንሰለት የሚያዞር መካከለኛ ዘንግ አለ፤ አንድ ጫፉ የሚያርፈው በታሸገ የኳስ ኩሽኔታ ላይ ነው። ማሸጊያው ሲያረጅ የሞተሩ ዘይት ይገባና በውስጡ ያለውን ግራሶ ያጥበዋል፤ ኳሶቹ ይበላሉ፤ ኩሽኔታው ከለቀቀ ሰንሰለቱ ጊዜውን ይስታል፣ ባልቮላና ፒስተን ይገናኛሉ፣ ሞተሩም ያኔ ያከትማል። ከ2001 እስከ 2005 ሞዴል የሆኑትን የሚመለከት የጋራ ክስ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ2013 በስምምነት ተዘግቷል። የኔዋ ከዚያ ቀደም ያለችው፣ ኩሽኔታዋ ባለ ሁለት ረድፍ የሆነችው ናት። በዚያው ዘመን ቱርቦና ጂቲ3 የሚባሉት ሃንስ ሜዝገር ከሚባሉት መሐንዲስ የዘር ሐረግ የመጣ ሌላ ሞተር ስለነበራቸው ይህ ስጋት አልነካቸውም።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሲሰሙ አልደነገጡም። የዘይት ፊልትሮውን አወጡና የታጠፈውን ወረቀት በመቀስ ቆርጠው ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጉት። መነጽራቸውን ለውጠው እጥፉን አንድ በአንድ እየከፈቱ ያዩ ጀመር። ቡናማ፣ ጥፍር የሚያክሉ የፕላስቲክ ፍርፋሪዎች አገኙ፤ ሰንሰለቱ ከሚንሸራተትበት መደገፊያ የሚለቀቁ ናቸው፣ በዚህ ዕድሜዋ የሚጠበቅ ነው። ቀጥሎ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱበት። ብረት ከነበረ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ማግኔት የማይስበው የአሉሚኒየም ብልጭታ እንዳይኖርም ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ወስደው አገላበጡት። አልነበረም። እኔ ያን ቀን ትንፋሼን የለቀቅሁት ወረቀቱ ሲታጠፍ ነው።

ይሁን እንጂ ፍሪሲዮኗ ማንሸራተት ጀምራ ነበርና ካምቢዮው መውረዱ የማይቀር ነው። ኩሽኔታው ያለው ከካምቢዮው ጀርባ፣ ፍሪሲዮንና ቮላኖ ከወጡ በኋላ በሚታይ ክዳን ሥር ነው፤ እዚያ ድረስ ተደርሶ ሳይቀየር ቢቀር ለሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ድካም ነው። ስለዚህ ቀየርነው። ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክራንኩ በፒን ይታሰራል፣ ባልቮላዎቹን የሚከፍቱት ዘንጎች ይታሰራሉ፣ የሰንሰለቶቹ ማጥበቂያዎች ይላላሉ፤ ከዚያ በፊት ክዳኑ ከተፈታ ዘንጉ ከመሃል ይሸሽና የሞተሩ ጊዜ ይዛባል። ሦስት ቡሎን ብቻ ነው የሚይዘው። ጋሼ ቡሎኖቹን ሲፈቱ ሬዲዮውን አስጠፉኝ፤ ብረቱ ሲለቅ የሚያሰማውን መስማት ይፈልጋሉ።

አሮጌው ኩሽኔታ ወጣ። በሁለት ጣታቸው ይዘው ጆሮአቸው አጠገብ አዞሩት፣ ለኔም ሰጡኝ። ያለ አንዳች ኮረኮንች ይዞራል። ማሸጊያው ግን ደርቋል፣ በውስጡ ግራሶ የለም፤ ያለው ቀጭን የሞተር ዘይት ነው። ስንት ማይል ይሄድ እንደነበር ማንም ሊናገር አይችልም። ያን ያህል ዓመት ያለ ድምፅ የተሸከመውን ዕቃ እንደ ጥፋተኛ ለመጣል እጄ አልሄደልኝም። ጋሼም አጥበው መሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጡት፤ ለሚለማመዱት ልጆች ማሳያ ይሆናል። የአዲሱ ኳሶች ሴራሚክ ናቸው።

በሥራው መሃል አንድ ምሽት ጋሼ መኪናዋን አዲስ አበባ ወስደው ለድሮ ጓደኞቻቸው ማሳየት እንዴት እንደሚያምራቸው ነገሩኝ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ አሁን የሚገባው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ፣ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከራሱ ወንዝ ለሚያመነጭ አገር ምክንያቱ ይገባኛል፤ ጋሼም ይገባቸዋል። ቢሆንም ፊልትሮ ቀዶ የሞተር ታሪክ ማንበብን የሚያውቁት እጆች ሲያልፉ ዕውቀቱን ማን እንደሚቀበላቸው ያሳስበኛል። ኤሌክትሪኩ የራሱን አዋቂዎች ይፈጥራል፤ ያ ጥበብ ግን ሌላ ነው።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ውሃው በቫኪዩም ተሞላ፤ እንዲያ ካልሆነ በዚያ ረጅም ቧንቧ ውስጥ አየር ይቀራል። ጋሼ ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ፖምፓው ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው «አስነሣ» አሉኝ። የፖርሽ ቁልፍ የሚገባው በመሪው ግራ ነውና በግራ እጄ አዞርኩት። አንዴ ነው የወሰደባት። እሳቸው ከፖምፓ ወደ ዲናሞ፣ ከዲናሞ ወደ ሰንሰለቱ ክዳን እየተዘዋወሩ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

አዲሱ ፍሪሲዮን ለመልመድ ጊዜ ከተሰጠው በኋላ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ሰሚት ፖይንት የውድድር ሜዳ ሄድን። ዋናው ዙሪያ 2 ማይል ነው፣ 10 ጥምዝ አለው፤ ከፍለው ሄልሜት አጥልቀው፣ አሠልጣኝ ጎንዎ ተቀምጦ መኪናዎን እስከ አቅሟ መንዳት ይችላሉ። ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ወደ ቀኝ የሚዞረው የመጀመሪያው ጥምዝ የዚህችን መኪና ጠባይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ፍሬን ሙሉ በሙሉ በቀጥታው ላይ ማለቅ አለበት። አንዴ መዞር ከተጀመረ በኋላ በድንጋጤ እግርን ከነዳጅ ማንሣት ክብደቱን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ኋላዋ ይቀልና ያ ሁሉ ሞተር ዞሮ ሊቀድምዎት ይመጣል። አሠልጣኙ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ በጊዜ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ነዳጁን በጥቂቱ ይዞ ማመን። ሲገባኝ ኋላዋ መሬቱን ቆንጥጦ ይዞ፣ የሞተሩ ክብደት ራሱ ጎማውን እየተጫነ ከጥምዙ አስፈንጥሮ አወጣኝ። እንዲያ ያለ ደስታ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ጋሼ በሜዳው ዳር ባለው አጥር ተደግፈው ዙሩን ሁሉ በጆሮአቸው ነበር የተከታተሉት። ስገባ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ መዳፋቸውን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ እያስጠጉ ሙቀቱን ለኩ፣ የጎማ ቡሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ 130 ኒውተን ሜትር ላይ ፈተሹ፣ ከሞተሩ ሥር ተንበርክከው ጠብታ ፈለጉ። ምንም የለም። ከዚያ የኋላውን ግራ ጎማ ውስጠኛ ጎን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይቺ ከውስጥ እየተበላች ነው፤ አሰላለፏ ተዛብቷል። ክንዶቹ ላይ ያለውን ጎማም እናየዋለን» አሉኝ።

«መቼ ላምጣት፣ ጋሼ?»

«ሰኞ ከሥራ በኋላ አምጣት። ጎማ ግን እንዳትገዛ፣ መጀመሪያ ምክንያቱን እንወቅ።»